መጥረጊያ

እኔ ሌሊት ሠሪ፣ ቀን ተኚ ሰው ነበርኩ፣
ቂሊንጦ ፋብሪካ ጠርሙስ እየቆጠርኩ።
ሲነጋ ከሰርቪስ ወርጄ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቼ፣
መጋረጃ ስቤ፣ ጥጥ በጆሮዬ ሰክቼ፣
ልክ ጎኔ ፍራሹን ሲነካ
ከላይ ይጀመራል፦
ግም። ግምግም። ጭርርር።
ጣሪያው ያወራል።

ትንቢት ትባላለች። ቱሉ ዲምቱ ውሃ የመጣ ማክሰኞ ነው ያየኋት፤
ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ፣ ጊታር በጀርባ፤
እኩል ወጣን ደረጃውን፣
እኔ ወደ እንቅልፌ፣ እሷ ወደ ደባ።

ግድግዳዋን ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፋ፣
ከኬክ ቤት ለምና፣ ከሱቅ ደጅ ገፍፋ
(ባለሱቁ «ዶሮ ልታረባ ነው» ብሎ ለኮሚቴው ነግሯል)፣
ብርድ ልብስ በመስኮቱ፣ ፍራሽ በበሩ ላይ፣
ድምፅ አይወጣም ብላ።
እውነቷን ነው፣ አልወጣም።
ወረደ እንጂ። እኔው ላይ።

ጋዲሳ ድራሙን ፎጣ አልብሶ ይመታል፤
ያም ሆኖ አምፖሌ ይወዛወዛል፣ ብርጭቆዬ ይመልሳል።
የምትጮኸው ምን ነበር? አይለይም።
በኮንክሪት ያለፈ ቃል
ሥጋው እዚያው ይቀራል፣ አጥንቱ ብቻ ይደርሳል።
አንዳንዴ «ሰርቪስ» ያለች ይመስለኛል፤
አንዳንዴ ስሜን።

አንድ ሐሙስ፣ ከድርብ ፈረቃ በኋላ፣
ትዕግሥቴ እንደ ጠርሙስ ካንገቱ ተሰብሮ፣
መጥረጊያዬን ገልብጬ ጣሪያውን ደበደብኩት፦
ድው! ድው! ... ድው!
ድው! ድው! ... ድው!
ኖራው ዓይኔ ውስጥ ገባ።
ሙዚቃው ቆመ።
ከዚያ፣ ልማል? በእግሯ መለሰችልኝ፦
ድው፣ ድው ... ድው።
የሰደበችኝ መሰለኝ።

ከሰስኳት። ክረምቱ መሃል፣ ጃንጥላ ይዘን፣ ኮሚቴው ፊት ቆምን።
አቶ ሽብሩ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ለመሆኑ ዘፈን ነው ወይስ ጩኸት?» አላት።
«ሁለቱም ነው፣ ጋሼ።»
ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተፈቀደላት።
በዚያ ሰዓት መብራት አይኖርም። ሁላችንም እናውቃለን።

ጥቅምት ላይ በሬ ተንኳኳ።
ፍላሽ ዲስክ፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለች።
«የመጀመሪያ አልበሜ ነው። አራተኛውን ስማው» አለችና
ሳትቀመጥ ሄደች።

ማታ ሰርቪሱ ላይ ሹፌሩን ለምኜ ሰካነው፤
ሠላሳ ሰው፣ ባንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ፣ ግማሹ እንቅልፍ ላይ ነው።
ሁለተኛው ዘፈን ላይ ብርሃኔ ጆሮዋን ያዘች።
ሦስተኛው ላይ ሹፌሩ «ልንቀለው?» አለ።
አራተኛው፦
ጊታሩ ብቻውን፣ ከሩቅ እንደሚመጣ የመኪና መብራት፤
ከዚያ የሷ ድምፅ፣ ሻካራ፣ ዝገት የነካው በር፤
አሁን ቃሉ ሥጋ ለብሶ ደረሰኝ፦
«ከበታቼ የሚተኛ ሰው አለ፤
በእንቅልፉ ነው የምዘፍነው፣ ዕዳ አለብኝ።»
ሁሉም ዝም።
ድው፣ ድው ... ድው።
መጥረጊያዬ!
ቁጣዬ፣ ከነኖራው፣ ምት ሆኖ፤
ጋዲሳ እኔን ተከትሎ ሲገባ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ተነሣሁ። ማንም አላመነኝ።
ብርሃኔ ብቻ፣
«ስትናደድ ልክ ታውቃለህ ማለት ነው» አለች።

ፋብሪካው በር ላይ፣ በፓውዛው ብርሃን፣ ወረቀቱን ገለጥኩት፤
በእስክሪብቶ፦
ድምፅና ጊታር፣ ትንቢት።
ድራም፣ ጋዲሳ።
መጥረጊያ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ዛሬ ጠዋት ከላይ ምንም የለም።
መብራት ሄዷል፤ ወይም እሷ ሄዳለች።
ጥጡን ከጆሮዬ አወጣሁት።
ተኛሁ ብል ግን
ውሸቴን ነው።