ገጽ አርባ ሁለት ላይ ያለችው ነጥብ

ማክሰኞ ነበረ። በዩትላንድ ዳርቻ፣
ነፋስ በር ሲያንኳኳ፣ እኔና እሱ ብቻ፣
አንባቢ ያጡትን ከመደርደሪያ አውርጄ፣
«ተወግዷል» የሚል ማኅተም ይዤ በእጄ።

አንዲት ቀጭን መጽሐፍ፣ ጀርባዋ የላላ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ያልወጣች ከጥላ፣
ነገሯ ስለ ሣር፣ ስለ አሸዋና ሣር፣
ባሕር የተፋውን ስለማስተሣሠር።
ጸሐፊዋ አንድ ሰው፣ የአሸዋ ዘበኛ፣
ቀን ሲተክል ውሎ፣ ማታ ሲጽፍ ያልተኛ፣
ሣሩን በየክንዱ፣ ሥሩን በየስንዝር
እንደ ገንዘብ ያዥ ሰው ቆጥሮ የሚዘረዝር።

ማኅተሙን አነሣሁ።
ኮምፒዩተሬ ጮኸ።

«ጢጥ» ነው ያለው እንጂ፣ ጮኸ ማለት ግነት ነው፤
መረቡን ለማያውቅ እንደዚህ ልንገረው፦
የብዙ ቤት መዝገብ በአንድ ክር ተሰፍቶ፣
የሌለው ይጠይቃል፣ ያለው ይልካል ከፍቶ።
ቁልፍ አንሰጣጥም፤ ጣራም አንጋራም፤
«የለኝም» ማለት ግን እዚያ አያሳፍርም።

የጠየቀችው ሴት ማሪትሳ ትባላለች፣
በኡራጓይ ጠረፍ መጻሕፍት ታውሳለች፤
ሁለት ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ ደካማ መብራት፣
አሸዋ በደጇ የሚቆለልባት።
«ቁልፌ አካፋ ሆኗል» ብላ ጻፈች ቀድማ፣
«የልጆቹ ክፍል ተውጧል በጨለማ፣
መስኮቱን ከውጭ አሸዋ ሸፍኖት።
አንድ መጽሐፍ አለ፣ በመዝገብ አየሁት፣
ስለ ሣር የሚያወራ፤ ከናንተ በስተቀር
የትም አላገኘሁ...»

እጄን አየሁት። ማኅተሙ እዚያው ነበር።
ቀለሙ እርጥብ ነበር።

ደግ ሴት ናት ብላችሁ በእኔ አትሳሳቱ፤
ደግነት አይደለም፣ ደንብ ነው መሠረቱ።
ቅጽ ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ እንደ ሥርዓቱ ሁሉ፣
ገጾቿን መስታወት ላይ አስተኛሁ በሙሉ።
ባለቤቱ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፤
ሙት አይከለክልም፣ ሕጉም ይፈቅዳል።

ላኩላት።

በማግሥቱ መልሷ፦ «ደረሰኝ። ተባረኪ።
ሥዕሉን አየሁት፤ ቃሉን የሚፈታ፣ እባክሽ ሰው ላኪ።»

ሰው በመረብ አይላክ። መረቡ ግን ሰው ያውቃል፤
ጥያቄው ከቤት ቤት ሲዞር ውሎ ያድራል፤
አርጀንቲና ደረሰ፣ ስንዴ የከበባት
አንዲት ከተማ ውስጥ፣ ቶርቫልድ ያሉባት።
ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት፤ ዴንማርክን አልረገጧት፣
ቋንቋዋን ግን ከእናት፣ ከጡት ነው ያገኟት።
ጠዋት ጋዜጣቸውን ሊያነቡ ሲመጡ
የቤቱ ሠራተኛ ስክሪኑን ሲሰጡ፣
መነጽር ደርበው፣ ፊደሉን አጉልተው፣
ወደ ስፓኒሽ ይገለብጡት ጀመር፣ አፋቸውን ከፍተው፣
ጮክ ብለው እያነበቡ።
(ዝም በሉ ያላቸው የለም።)

አንበሳ የለም፣ በእኔም በእሷም አገር፤
ድር ቢያብር እንግዲህ አሸዋ ነው የሚያስር።

ትናንት ከቶርቫልድ አንድ ጥያቄ መጣ፦
«ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነገሩ መላ አጣ።
‹ሥሩን ቅበሩት› ይላል፤ ከዚያ ነጥብ አለች፣
‹ጠልቆ› ከሚለው ቃል ቆርጣ የለየች።
የማን ናት ነጥቧ? ሰውየው ቆም አለ ወይ?
ትርጉሙ ይለወጣል። እባክሽ ሄደሽ እይ።»

ሄድኩ። ገለጥኩት። ቀለም አይደለችም።
በጣቴ ብነካት ተንከባለለች።

ማን ይሆን ይዟት የወጣ? ከስንት ዓመት በፊት
ማን ይሆን ያነበበ በዚያ ሁሉ ንፋስ ፊት፣
በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሣሩን በቀኝ ይዞ፣
መጽሐፏን በግራ፣ በአውራ ጣት አግዞ?

ጻፍኩላቸው፦ «አባቴ፣ ነጥብ አይደለችም፣ አሸዋ ናት።
ዓረፍተ ነገሩ ይቀጥላል።»

መልሼ ስፌቱ ውስጥ፣ በቦታዋ ተውኳት፤
በየትኛው ቁጥር እንደምመዘግባት
እስካሁን አላውቅም።