ሎሚ ሻጯ የተማረችው ቋንቋ

በፔናንግ ገበያ፣ ከቆርቆሮው በታች፣
በግራዬ ዓሣ፣ በቀኜ አበቦች፣
እኔ ማላይቱ ሎሚ እደረድራለሁ፣
ሁለት ቋንቋ በነፃ ከስድብ እማራለሁ።

ቫሊያማይ ታሚሏ ጃስሚን እየሰካች
«ግማታም!» ትላለች፤
በታሚልኛ አይደለም፣ በቻይንኛ ነው፤
በማያውቀው ቋንቋ ቢሰደብ ምን ሊያመው?

ቴክ ሁዋት የዓሣ ሆድ በቢላ ሰርስሮ
በታሚል ይመልሳል፣ ሰባት ዘሯን ቆጥሮ።

«እንደምን አደርሽ» በሁለቱም አላውቅ፤
«ደንቆሮ» ማለት ግን እችላለሁ ጥንቅቅ።

ዛሬ ዱካዋ ብቻ፤ እሷ አልመጣችም።
ሦስት ደንበኛ ሄደ፣ ቢላው አልተነሣም።
ባዶውን ዱካ አይቶ፣ ዝንቡን እሽ ብሎ፣
አንድ የታሚል ቃል ጣለ፣ በለሆሳስ፣ ቶሎ።

ያን ቃል አላውቀውም፤
በዐሥር ዓመት ስድብ ወጥቶ አያውቅም።