ከአጥሩ ወዲያ

ቡልቡላ ሲነጋ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ፒካፔን አስነሥቼ በአስፋልቱ ጠረፍ፣
እዞራለሁ ቀስ ብዬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣
የሰማዩን ገጽ፣ የሣሩን ገጽ አይቼ።
ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ እስቃለሁ፤
«አሞራ አባራሪ ነኝ» እለዋለሁ።
አማቴ ይህን ሰምታ አንድ ቀን ምን አለች?
«ለዚህም ደመወዝ አለ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ግን አልረሳም፣ በኅዳር ማለዳ
ከመንደርደሪያው ላይ ያነሣሁት ዕዳ
የጭልፊት ክንፍ ነበር፣ ገና ያልቀዘቀዘ፣
ግማሹ ኬሮሲን፣ ግማሹ ደም የያዘ።
በፖስታ ከተትሁት፣ ቀን ጻፍሁበት፣
ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ የወደቀበት።
አውሮፕላኑ ዞሮ በደኅና አረፈ፤
አንድ ሕፃን ሲወርድ እያዛጋ አለፈ።

ሣሩም ጣጣ አለው፤ ሲያጥር ትሉ ይታያል፣
ሲረዝም ደግሞ አይጡ ጎጆ ይሠራል።
ከክረምት የተረፈች ኩሬ ካለች ደግሞ፣
አባ ኮዳ ይውላል እንደ ዳኛ ቆሞ።
ርችት ተኮስሁባቸው፣ ጥሩምባ ነፋሁ፤
ሄዱ ብዬ ስዞር ከኋላዬ አገኘሁ።
አሞራ ብልጥ ነው፤ ርችት ለመደና፣
ከፒካፔ ጣራ ያሸልባል በጤና።

ስንት ዓመት ሽቅብ ሳይ፣ ቁልቁል ሳላይ ኖርሁ።

አንድ ቀን ተከተልሁት፣ በእግሬ፣ አጥር ዘልቄ፣
ቦዩን ተሻግሬ፣ ጭቃ ተጨማልቄ።
ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ከቆርቆሮው ጓሮ፣
የጋሽ ሂርጳ ጉድጓድ በአጥንት ተወጥሮ፣
ሳንባ፣ አንጀት፣ ሸኾና፣ ክዳን የሌለው፤
ለካስ የአሞራ ሁሉ ግብር ቤቱ ይህ ነው!

«ጋሽ ሂርጳ፣ ይህን ጉድጓድ ብትከድነው ምን አለ?»
ቀና ሳይል መለሰ፣ ቢላውን እየሳለ፦
«አባቴ ይህን መሬት ጤፍ ሲያመርትበት፣
አሞራው ነበረ፤ አስፋልት ሳይኖርበት።
መጤው ማነው ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። ፖስታውን አወጣሁ፤
ክንፉን ከመክተፊያው ጫፍ ላይ አስቀመጥሁ።
ዳሰሰው። አሸተተው። እጁን ጠረገ።
«ስንት ሰው ነበረ?» ብሎ ዐይኔን ፈለገ።

በማግሥቱ ጉድጓዱ ላይ ቆርቆሮ ነበር፤
በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ አፈር።

ዛሬ ከቡልቡላ በላይ ሰማዩ ባዶ ነው።
የት ሄዱ አትበሉኝ። የፋሲካ ዋዜማ፣
ግማሽ ኪሎ ይዤ ስመለስ ከከተማ፣
ጥላ ወረደብኝ፤ ፌስታሌ ተቀደደ፤
እጄ ላይ ነፋስ ቀረ፣ ሥጋው ሽቅብ ሄደ።
አማቴ ከደጃፍ ቆማ አይታ ኖሮ፣
«ደመወዝህ» አለች፣ «ሄደልህ በርሮ!»

እኔ ግን በልማድ ሰዓቴን አየሁ፤
«ጭልፊት፣ አንድ፣ ወደ ምሥራቅ» ብዬ መዘገብሁ።