የእጅ ልክ

ሬድዮ ነው የምጠግነው፣ ቻርጀር፣ የእጅ ባትሪ መብራት፣
ቅዳሜ ገበያ ጥግ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎረቤት።
ሰው ሁሉ የሰበረውን ይዞ ይመጣል ወደኔ፤
ያልተሰበረ ያመጣች እሷ ብቻ ናት፣ በዘመኔ።

ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቃ፤
ወይዘሮ አንጓች ገባች፣ ከል ለብሳ፣ ቦርሳ አጥብቃ።
ከመተማ ሰሊጥ አስጭና አዘዞ የምታስራግፍ፣
ሒሳብ በጣቷ የምትቆጥር፣ በደብተር የማትጽፍ።

ከቦርሳዋ አወጣች፣ በፎጣ የተጠቀለለ፤
«ፈቃዱ ይኸው፣ በስሜ ዞሯል፤ ማኅተሙም አለ።
ጥይቱን ቤት ትቻለሁ፤ ባዶ ነው፣ አንተም እይ፤
የፈረደ ነበር። ያ እጁ፣ አካፋ አይደል ወይ?»

ጠረጴዛዬ ላይ ስታኖረው፣ ከሬድዮ ሆድ ዕቃ መሐል፣
ቀላል ነው፣ ፕላስቲክ፤ ግን ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

«እኔ ስይዘው ያመልጣል፤ ጣቴ ከምላጩ አይደርስ፤
ጠርዙ አውራ ጣቴን ይልጠኛል፤ ፋቀው እስኪለሰልስ።»

ምላጭ።
አባቴ ጸጉር ቆራጭ ነበር።
እሱ ምላጭ ሲል አረፋ ነው፣ ጉንጭ ነው፣ የበዓል ዋዜማ፤
እሷ ምላጭ ስትል የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ተሰማ።

ልኳን ልወስድ ሰም አሞቅሁ፣ የጧፍ ሰም፣ ቢጫ፣ ለስላሳ፤
«ጨብጪ» አልኋት። ጨበጠች፣ ፊቷን ወደ ዝናቡ መልሳ።
ሰሙ ላይ አራት ጣት ቀረ፣ የቀለበቷም ምልክት፤
ሦስት አይሱዙ የሚታዘዘው በዚህች መዳፍ ነው? ገረመኝ ስመለከት።

ማታ መብራት ሲመጣ ሽጉጡን አነሳሁ፤
ካውያው እስኪግል ቀረብ ብዬ ሳየው ግን፣ ሥራዬን ረሳሁ።
ከግራ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ስፍራ
ሻካራው አልቆ ነበር፣ እንደተሳመ ደፍ የጠራ።

ፈረደ ነው። አሥር ዓመት፣ ሳይተኩስ፣ እንዲሁ ሲነካው፣
በመንገድ፣ በጨለማ፣ «አለህ?» እያለ በጣቱ ሲለካው፣
አውራ ጣቱ ጽፎበታል። እኔ አሁን ሞረድ ይዤ
ይህን ልፋቅ ነው? ቆምሁ፣ በካውያው ጢስ ፈዝዤ።

ጠዋት ጠራኋት። አሳየኋት። ዝም አለች።
በጥፍሯ ጫፍ ነካችው፣ ከዚያ ጣቷን ሰበሰበች።
«ስንቴ ብዬው ነበር፣ ያንን ነገር አትነካካ!
እንዲህ ሲሞርድ ኖሯል? ለኔ ነበር ለካ።»

ቆየች።
«ይቺን ተዋት» አለችኝ፣ «ሌላውን በልኬ ፋቀው፤
ብትቆረቁረኝ ትቆርቁረኝ፤ እሱን ከዚህ አታርቀው።»

ሦስት ሌሊት ፋቅሁ። ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ከምላጩ ሥር ያለውን፤
በብርጭቆ ወረቀት አለዘብሁ ሞረድ የበላውን።
በካውያው ጫፍ ነጠብጣብ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ እንደ ፈንጣጣ፣
እጅ ሲያልበው እንዳይሟልጭ፣ ዝናብ ከየትም ቢመጣ።
የፈረደን ቦታ ግን በፕላስተር ሸፈንሁት፤
እንደ ቁስል። ስጨርስም ቀስ ብዬ ገለጥሁት።

መጣች። ጨበጠች። አውራ ጣቷ ሳይፈልግ ሄዶ እዚያው አረፈ፤
ውጪ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ።
«ተመቸኝ» አለች። ምስጋና ሊከተል ነው የመሰለኝ።
«ተመቸኝ፤ እንዲህ መመቸቱ ነው ያልተመቸኝ።»

ሒሳቧን ጠየቀች፣ ነገርኋት፤ ሳትከራከር ቆጠረች፤
ከጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ ጥቁሩን ብናኝ ጠረገች፣
በፎጣው ጫፍ ቋጠረች።
«ይህስ ምን ያደርግልሻል?» ብላት
«እሱም የነካው ነው» አለች፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች።

ሰሙ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ከተፈቱ ሬድዮኖች ጋር ይውላል።
ሰዓት ሠሪው፣ ቅኔ ቤት ሦስት ክረምት የቆየው፣ ባየው ቁጥር ይስቃል፤
«ሰሙ ይኸው፣ ወርቁስ?» ይለኛል።
መልስ የለኝም።
አንዳንዴ መብራት ሲሄድ እጄን አሳርፍበታለሁ፤
አይገጥምም፣ ትንሽ ነው። ልፋቀው እልና
ሞረዱን መልሼ አስቀምጣለሁ።