ሸውራራው

ቅዳሜ ማታ፣ ናዝሬት፣ የምድር ባቡር ክበብ፤
ቴሌቪዥኑ በቁም ሣጥን፣ ቁልፉ በዘበኛው ወገብ።
ልጅ ከመሬት፣ አባት ከአግዳሚ፣ ተጠጋግተን፣
የሣጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ትንፋሽ ውጠን።

መጀመሪያ ፈረስ ይመጣል፣ አቧራ አስከትሎ ከኋላ።
ለናዝሬት ልጅ ያ አቧራ መቼ ሆነና ሌላ!
ቦኩን ዞሮ፣ ገበያውን አቋርጦ የገባ የራሳችን አቧራ፣
ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ባሕር ማዶ ሄዶ ሲሠራ።

ሕጉን ማንም ያውቀዋል፤ አክተሩ አይሞትም።
ባርኔጣው በጥይት ቢበሳ፣ ጸጉሩ አይበላሽም።
አባቴ ግን ለአክተሩ ግድ አልነበረውም፤
እሱ የሚጠብቀው ዳር ላይ የቆመውን ነው፣
የበረት አጥር ተደግፎ፣ ጥርሱ የጎደለ፣
አንድ ዓይኑ ወደ ሸሪፉ፣ አንዱ ወደ ጋጣው ያለ
ሸውራራ ሰውዬ።
«መጣልሽ!» ይለኛል በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ «መጣልሽ የእኔ ሰውዬ!»

አንዱን ቅዳሜ መለኪያ ይወለውላል፤
በሌላው ሬሳ ሣጥን ሠሪ ሆኖ፣ ገና ያልሞተውን ሰው ቁመት በዓይኑ ይለካል፤
ደግሞ ሌላ ጊዜ ከሽፍቶቹ መካከል፣ ከግራ ሦስተኛ ነው።
ምንም ይሁን ምን፣ ሟች ነው።
ከሰገነት ይወድቃል፤ ፈረስ የሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ ይዘፈቃል፤
በሳምንቱ ደርቆ፣ ሌላ ባርኔጣ ደፍቶ ብቅ ይላል።
አንድ ጊዜማ አፉን ገና ሲከፍት መቱት።
አባቴ ያን ማታ ራቱን አልነካም። «ምናለ አንዲት ቃል ቢያስጨርሱት?»

የአባቴ ሥራ ባንዲራ ነበር።
ወደ ድሬዳዋ ለሚወርደው አረንጓዴውን፣ ለሚቆመው ቀዩን።
በመስኮት በኩል ብርቱካን የሚልጥ መንገደኛ
አንድ ልጣጭ እስኪጥል ያየዋል።
ከዚያ ባቡሩ ወደ ወለንጪቲ፣
እሱ እዚያው።

ከለገሃር ጀርባ፣ ጋሪዎች በሚቆሙበት፣ ፊልሙን ደግመን ስንሠራ
ሴት ስለሆንኩ ለመሞት የምመረጠው እኔ ነኝ፣ በተራም፣ ያለ ተራ።
አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ቆሞ አየኝ።
«አትቸኩይ» አለኝ።
«ጉልበትሽን አስቀድሚ። ባርኔጣሽን ያዢ። ዞር በይ።
ሰው አይቶሽ ውደቂ።»

ፊልሙ ሲያልቅ ስሞች ከታች ወደ ላይ ይጋልባሉ።
«የእሱን አንብቢልኝ» ይላል፤ «ፈረንጅኛ ትማሪ የለ?»
ሦስተኛ ክፍል ነኝ። አንዱን ፊደል ስይዝ ሌላው አመለጠኝ፤
ስሙ በሣጥኑ ጣራ በኩል ወጥቶ ሄደ።
አልቻልኩም ማለት አፈርኩ። «ሮበርት ይላል፣ አባባ።»
በሳምንቱ፣ «ዊልያም»።
«ሮበርት ነው ብለሽኝ አልነበር?»
«ስሙን ይቀይራል። ስለሚሞት።»
አሰበበት፤ በደጅ የምታልፍ የጋሪ ቃጭል ድምፅዋ እስኪጠፋ።
«ደግ አደረገ» አለ።

ባቡሩ ቀረ። ሐዲዱን ሣር ዋጠው።
ክበቡ ሌላ ስም ወጣለት፣ ከተማዋም አዳማ ተባለች።
በየካቲት አንድ ማክሰኞ፣ ነፋሱ ቆርቆሮ በሚያነሣበት ንጋት፣
የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በሰፈራችን አለፈ፤
ሮጠ ማለት ይቻላል፣ ሌላም ሟች ነበረበት።
«አቶ ዋቅቶላ ሂርጳ! ቀብር ስምንት ሰዓት!»
«ማን አለ?» አለች ከማዶ አንዲት ሴት።
«እንጃ። የምናውቀው አይመስለኝም» አላት ባሏ።
አርባ ዓመት በፊቱ ወደ ገበያ ያለፉ ናቸው።

መስኮቱን ከፈትኩ፤
አቧራው ፊቴ ላይ እየመጣ፣
ፊደል በፊደል፣ ሳልቸኩል፣ አነበብኩ።