የተዋጠው እሑድ

ቅዳሜ ማታ ነው ከሳንቲያጎ የተነሳነው፤
እኔና ራየን፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ የእሷ ነው።
በጋዜጣ የጠቀለልኩት አሥራ ሦስት ስጦታ
ከረጢቴ ውስጥ አለ፣ ለየሰዓቱ አንድ የሚፈታ።
እህቴ ናት የመከረችኝ፣ አራት ያሳደገች፤
«ሰዓት ጠብቀህ ስጣት፣ አደራህን» እያለች።

እህቴ ልጅ ታውቃለች፣ አውሮፕላን ግን አታውቅም።
የባሕሩ ዳር መብራት ከዓይናችን ሳይርቅም
ሰባቱ ተፈቱ።

ከጀልባ ትራፊ የቀረጽኩት ዳክዬ ወንበር ሥር ገባ፤
ተለጣፊው ኮከብ በፊተኛው ሰው ራሰ በራ ላይ አበባ።
ዘቢቡን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጥራ በላችው፤
አራት ላይ ቁጥር አለቀባት፣ የቀረውን በተነችው።
ቀበቶውን መቶ ጊዜ ፈታን፣ መቶ ጊዜ አሰርን፤
መተላለፊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሰፈርን።
የማስታወኪያ ከረጢት ላይ ዓይን ስዬ፣ አፍ ስዬ፣
በግ ነው አልኳት። «ድመት ነው» አለች። እሺ፣ ድመት ነው ብዬ፣
ጀልባ ሠሪው፣ የቫልዲቪያው ሰው፣ እጄ እንደ ድንጋይ የሻከረ፣
በሰው ሁሉ ፊት ሚያው አልኩ። ለቅሶዋ ግን አደረ።

መስኮቱን ስትከፍተው ጨለማ። ስትዘጋው ጨለማ።
ወደ ምዕራብ ነው የምንበረው፤ ሌሊቱ አብሮን ሊጓዝ ተስማማ፤
ንጋት ከኋላችን ይሮጣል፣ አይደርስብንም።

«አባዬ፣ እሑድ መቼ ነው?»

ሦስት ዓመት የሚሞላት እሑድ ነው። የነገርኳት እኔ፤
ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ያከበብኩላት እኔ።
ቲኬት ስቆርጥ ዋጋውን እንጂ ቀኑን መች አየሁና!
ውቅያኖሱ መሃል ቀን የሚቀየርበት መስመር አለ፤
ቅዳሜ የገባበት ሰኞ ይወጣል። እሑድ የት ዋለ?
ዓሣ ነባሪ ውጦት ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

«ይኸው፣ አሁን ነው እሑድ» አልኳት፣ «በዚህ በኩል እያለፈ።»
መስኮቱን አየች። እኔን አየች። ከንፈሯ ተጣጠፈ።
ከዚያማ ጩኸቷን ክንፉም የሰማው ይመስለኛል።

ከመተላለፊያው ወዲያ አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ራዊሪ ይሉታል፣
ፓታጎንያ በግ ሲሸልት ከርሞ ወደ ደሴቱ ይመለሳል።
ስፓኒሹ አሥር ቃል ናት፤ ዘጠኟ ስለ በግ።
አልተቆጣም። አላባበለም። ጎንበስ ብሎ
የግራ ጫማውን ክር ከየቀዳዳው ነቅሎ፣
ጫፍና ጫፉን ቋጥሮ በሁለት እጁ ዘረጋ፤
በዘጠኝ ተኩል ጣት (ግማሷን መሸለቻው በልቷታል)
አነሳ፣ ጣለ፣ በመሃል አሾለከ፣ ወጋ፦
ኮከብ ሆነ። መረብ ሆነ። መሰላል ሆነ። ቤት።
ለቅሶዋ መንገድ ላይ ቆመ፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው፣ ድንገት።

እጇን ሰደደች፣ መሃሉን ሳበች፤
ቤቱ ፈረሰ፤ ክሩ ክር ሆነ፤ ሳቀች።
«ድገም» አለችው በቋንቋዋ። ገባው፤ ደገመ።
እሱ እየሠራ፣ እሷ እያፈረሰች፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣
እኔ መቼ እንዳሸለብኩ አላውቅም።

ኦክላንድ ስናርፍ ሰኞ ነበር፣ ሊነጋጋ፣ ዝናብ።
ራየን እንቅልፍ የወሰዳት ጎማው መሬት ሲነካ ነው፣
ጣጣው ሁሉ ካለቀ በኋላ።
ስድስት ጥቅል ሳይፈታ ቀርቷል፤
አንደኛው ውስጥ ምን እንዳኖርኩ ረስቻለሁ።
የኬላዋ ሴትዮ ሦስት ዘቢብ ከኪሴ አውጥታ
«ምግብ የለኝም ብለህ ፈርመሃል» አለችኝ ተቆጥታ።

ከመስታወቱ ወዲያ ሚያራይ ቆማለች፣
ዓመት ከሁለት ወር ኪዊ ስታሽግ የኖረች።
በእጇ ኬክ ይዛለች፣ ጫፉ የደረቀ፣ የትናንት።
ያኔ ነው የገባኝ።
ዓሣ ነባሪ አልዋጠውም፤ እሑድ እዚህ ነበር።
ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሻማ አብርታ፣ ሰማይ ሰማይ እያየች፣
የሦስታችንንም ድርሻ ብቻዋን ኖራዋለች።

ልጇን ከትከሻዬ ተቀበለችኝ፤ አልነቃችም።
የእጅ አንጓዋ ላይ ጥቁር ክር ሦስት ዙር ተጠምጥሟል።
ዞር ስል፣ ራዊሪ ወደ ዝናቡ ይወጣል፣
ግራ እግሩን እየጎተተ፣
ጫማው በየእርምጃው አፉን እየከፈተ።