ስምንት ጣት

ሌሊቱን ሙሉ ስጠይቅ አደርኩ፣
«ዜሮ ነህ? አንድ ነህ? ሁለት ነህ?» እያልኩ፤
አወዳድር፣ ዝለል፤ አወዳድር፣ ዝለል፤
ባለ ሃያ ቁጥሩ እንግዳ ደጁን እስኪያገኝ
ሃያ አንዴ ይመረመራል፣ ሃያ አንዴ ይጉላላል።
የዶርሙን መስኮት ነፋሱ ይወቃል፣
የአዳማ አቧራ ጥርሴ ላይ ይፋጫል፤
ሰሚራ ከላይኛው አልጋ፦
«አጥፊው እንጂ መብራቱን፣ በአንቺ ኮድ ሊነጋ!»

ጎህ ሲቀድ ወረድኩ መናኸሪያ በራፍ፣
የእናቴን መድኃኒት መተሐራ ላሳልፍ፤
ጋሽ ደቻሳ ቆሟል ካሮጌው ግንብ ሥር፣
ፊሽካው ባንገቱ፣ ሞራ የጋረደው ዓይኑ ሲቸገር።
ሰው እንደ ደራሽ ይጎርፋል፤ እሱ አይደናገር፣
«አሰላ ነሽ? ሞጆ ነሽ?» ብሎ አይደረድር፤
ቁጥሯን ብቻ፣ የትኬቷን ቁጥር።

«ስድስት» አልኩት።
መዳፉን ከግንቡ ጠርዝ፣ ከዜሮው ገጠመ፤
ስምንት ጣት፣ ስምንት ጣት፣ ስድስቴ ለካና ቆመ፤
አፍንጫው ኖራውን እስኪነካ ተጠግቶ
የጠመኔውን ጽሑፍ አነበበ አሽትቶ፦
«ከሙዝ ተራው ጀርባ፣ ሰማያዊው አይሱዙ።»
መኪኖቹ በየቀኑ ቦታ ይቀያየራሉ፤
ግንቡ ግን አይነቃነቅ፤ እሱ የሚይዘው
መኪናውን አይደለም፣ የት እንዳለ ነው።

መድኃኒቱን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ፤
ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝን ከግንብ ላይ አነበብኩ።

ማታውን አፈረስኩት የጥያቄ ሰልፌን፤
መነሻው ላይ ደመርኩ ቁጥሩን በስምንት አባዝቼ፤
ስምንት ባይት፣ ስምንት ጣት፣
አንድ ንባብ፣ አንድ ዝላይ።
ሠራ! ሰሚራን ቀሰቀስኳት።
እሷው ናት ሃያ ሦስትን የጫነች፣ በእንቅልፍ ልቧ፤
ሠንጠረዤ ሃያ ላይ ያልቃል፤ ፕሮግራሙ ምን ገዶት!
ከግንቡ አልፎ አየሩን ለካ፣
እዚያ የተኛ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ፊደል
አድራሻ መስሎት ዘለለ፣
ወድቆም ሞተ።

በማግስቱ አንዲት ሴትዮ መጡ፤
ከነጠላቸው ጫፍ ትኬት ፈትተው አወጡ።
አርባ ሰባት ይላል። እንዲህ ያለ መስመር የለም፤
ደላላ ነው የሸጠላቸው።
ጋሽ ደቻሳ ግንቡን አልነካም፤ መጀመሪያ ጠየቀ፦
«ከሃያ ይበልጣል?»
«ይበልጣል» አልኩት እኔ።
«እንግዲያው እዚህ፣ ከኔ ወንበር ይቀመጡ።»
ብርቱካን ላጠላቸው።

እኔም ከሠንጠረዡ በፊት አንዲት መስመር አስገባሁ፦
ከሃያ ቢበልጥ፣ ዝለል ወደ ወንበር።
ከዜሮ በታች የወረደም ቢመጣ
የመቀነስ ምልክቱን ሲገፉት ግዙፍ ሆኖ ይወጣል፤
ያችው አንዲት ጥያቄ ትይዘዋለች።

መምህር ላቀው ወረቀቴን ሲያርም
በቀይ ከበባት፦ «ወንበር? ይኼ ምን ዓይነት ስም?»
ሴትዮዋ በየት በኩል እንደሄዱ
እስከ ዛሬ አላወቅሁም።